የሊፍት ጠጋኙ ባሌና የዓመቱ አኒሜ

ባሌ ሊፍት ጠጋኝ ነው። ቀኑን ሙሉ ፎቅ ጣሪያ ላይ ካለችው የሞተር ክፍል ጋር ሲታገል ይውልና ማታ ግራሶ በግራሶ ሆኖ ይመጣል። ያን ቱታ በር ላይ አውልቅ ስል ምላሴ ተላጠ፤ እሱ በአንድ ጆሮው አስገብቶ በሌላው ያወጣዋል። ግራሶውስ ታጥቦ ይለቃል። እኔን የሚያንገሸግሸኝ ሌላው አመሉ ነው፤ እሱ ቀድሞ ያልሞከረው ነገር እኔ ዘንድ አይደርስም። ወተት ከተገዛ ማንኪያ ነክሮ ይልሳል፣ ያንኑ የላሰውን ማንኪያ መልሶ ይነክረዋል፣ ኤጭ! ወንበር ከተጠገነ እሱ ቀድሞ ይቀመጥና ወዲያ ወዲህ ይወዛወዝበታል። የገላ ውሃ ካሞቅሁ ክርኑን ይዘፈዝፍበታል፣ ያንን ግራሶ የጠገበ ክርኑን። ከሥራው የተጋባበት ነው። የተጠገነ ሊፍት ላይ መጀመሪያ ጠጋኙ ብቻውን ይወጣል፤ እስከ ላይ ደርሶ በሰላም ሲመለስ ነው ሌላው የሚገባው። "እኔ ሳልወጣበት ሰው አይወጣበትም" ይላል ደረቱን ነፍቶ። እስቲ ወተትን ከሊፍት ጋር ምን አገናኘው?

እኔ ደግሞ የሆቴል አንሶላ አጣቢ ነኝ። እንግዳ አንሶላ ላይ ምን ምን ትቶ እንደሚሄድ ብዘረዝርላችሁ እህል አይወርድላችሁም፣ ስለዚህ ይቅር። መጸየፉን እዚያ ተማርኩት ይሁን ከእናቴ ሆድ ይዤው ልውጣ እንጃ፤ ብቻ ቶሎ የሚዋጥልኝ ነገር የለም። ባሌ በተቃራኒው ያቀረቡለትን ሁሉ "ጥሩ ነው" የሚል ፍጥረት ነው። እንዴት አብረን እንደኖርን አትጠይቁኝ።

ታዲያ እኛ ሁለት ጎልማሶች አኒሜ እናያለን። አዎ፣ የጃፓኑን ሥዕል። መሳቅ ትችላላችሁ፣ የባሌ እህት ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ትስቅብናለች። ለምን እንደጀመርን ግን እሷም ታውቃለች። ሴት ልጅ ነበረችን፣ ድንቡሼ ነበር የምንላት። ቴሌቪዥኑ የእሷ ነበር፤ ከልጆች ጣቢያ ላይ ዝንፍ ያደረገ ሰው ጩኸቷን አይችለውም። ትኩሳት ያዛት፣ ሐኪም ቤት ገባች፣ በዚያው ቀረች። ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ባሌ ቴሌቪዥኑን ሲከፍት ያው ሥዕሉ መጣ። እሱ እንቀይረው አላለም፣ እኔም አላልኩም። ከዚያ ወዲያ ከልጆቹ ሥዕል ወደ ትልልቆቹ ተከታታይ ተሻገርን፤ እሱ ከሥራ ቦታው በፍላሽ ይዞ ይመጣል፣ ከእራት በኋላ እናያለን። ቢጫ ጫማዋ አሁንም አልጋው ሥር ነው፤ ቤት ስጠርግ አነሳዋለሁ፣ ጠርጌ እመልሰዋለሁ። ስሟን ግን በቤታችን ውስጥ የጠራ አልነበረም።

ዓመቱ ሲያልቅ የዓመቱን ምርጥ እንመርጣለን። እሱ የእሱን ይናገራል፣ እኔ የእኔን፣ ከዚያ ተጨቃጭቀን አንድ አንደኛ እናወጣለን። የዘንድሮው ግን ምን ተብሎ ይመረጣል? በአንደኛው አንድ ምግብ አብሳይ ይሞትና ድስት ሆኖ ይወለዳል። ድስት! ክዳኑን እያንኳኳ ያወራል፣ ልጃገረዶች በፍቅሩ ይቃጠላሉ፣ ሲያፍር ወጡ ይገነፍላል። በሌላው ባለ ሰይፉ ሰይፉን ይመዝና ሦስት ክፍል ሙሉ ስለ ልጅነቱ ይተርካል፤ ጠላቱም እጁን አጣምሮ ያዳምጠዋል። እንዲህ ያለ ጨዋ ጠላት በየት አገር ይገኛል? ደግሞ ታሪካቸው ሁሉ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። የባለ ሰይፉ ታናሽ ወንድም ሳል ጀመረው ብለው ያሳዩንና በሚቀጥለው ክፍል ልጁ ደብዛው የለም። ደራሲዎቹን ስረግም ባሌ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ድስቱን ግን ወደደው፤ ልብ አለው አለኝ።

ከሁሉም ልወደው ምንም ያልቀረኝ አንድ ነበር። ሰው በማይወርድበት ባቡር ጣቢያ የሚኖር ነጭናጫ ሽማግሌ ነው። አንድ ቀን ማንም የሌላቸው ወንድምና እህት ከባቡሩ ይወርዱና እዚያው ይቀሩበታል። እያጉረመረመ ያሳድጋቸዋል። ትንሿ ልጅ ባቡር ባለፈ ቁጥር የሻይ ኩባያዋን ከፍ አድርጋ ሰላም ትላለች፤ አንጀቴን በላችው። ዘጠነኛው ክፍል ላይ ስንደርስ ባሌ ፋይሉ ተበላሽቷል፣ አልከፈት አለኝ አለ። የሥራ ባልደረባው አይቶት ነግሮኛል ብሎም ተረከልኝ፤ ትንሿ ልጅ ትምህርት ልትማር ከተማ አክስቷ ዘንድ ሄዳለች። እሺ አልኩ። አሥረኛው ሲጀምር ያለፈውን የሚያስታውሱበትን ደቂቃ "ይሄን እናውቀዋለን" ብሎ አሳለፈው። ልጅቷ የለችም። በሚቀጥለውም የለችም። ኩባያዋ መደርደሪያው ላይ ተገትሮ ሽማግሌው ዞር ብሎ ሳያየው ያልፋል። ደህና ትሆን ይሆን የሚል የለ፣ ስሟን የሚያነሳ የለ። ደሜ ፈላ። ልጅ ረስቶ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? "ይሄንንስ ከድስቱም በታች ነው የማደርገው" አልኩት። ባሌ ፍላሹን ነቅሎ ኪሱ ከተተ፣ እኔም ነገሩን አለፍኩት። ለካ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው።

የመምረጫችን ቀን ሥራ ቦታ ምሳ ላይ ወሬው ተነሳ። አንሶላ የምትተኩሰው ልጅ እንደኛው አኒሜ ታያለች፤ የዓመቱ አንደኛዬ የባቡር ጣቢያው ነው ብላ አረፈችው። እሳት ጎርሼ ተነሳሁባት። የተረሳችውን ልጅ፣ የተገተረውን ኩባያ፣ ያንን ልበ ድንጋይ ሽማግሌ አንድ ባንድ አወረድኩት። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እንዲህ ልጁን የሚረሳ ቤት አይቼ አላውቅም አልኩ። ልጅቷ ጉርሻዋን አስቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"እትዬ፣ ትንሿ ልጅ እኮ ሞታለች። ዘጠነኛው ክፍል ላይ።"

አክስቷ ጋ ነው የሄደችው አልኳት።

"አክስት የላቸውም። ለዚህ አይደል ጣቢያው የቀሩት? ስሟን የማይጠሩትም መጥራቱ አቅቷቸው ነው።"

ወሽመጤ ቁርጥ አለ። ሴቶቹ ሁሉ የእኔን ታሪክ ያውቃሉ፤ አንዷ ከንፈሯን መጠጠች፣ ሌላዋ ተከተለች። ከንፈር ሲመጠጥልኝ እንዴት እንደምጠላ! ከአንሶላው እድፍ ሁሉ የከፋ ነው። የቀረኝን ምግብ ትቼ ወደ ማሽኔ ሄድኩ።

ቤት ስገባ ባሌ ቱታውን እንደለበሰ ሾርባ እየሠራ ነው፤ በጭልፋ ይቀምሳል፣ ያንኑ ጭልፋ ይመልሳል። ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ጠየቅሁት።

"የልጅቷ አክስት ማን ትባላለች?"

ጭልፋው አፉ ላይ ቀረ። የትኛዋ ልጅ ብሎ አልጠየቀኝም።

ቀስ በቀስ አወጣው። ለካ ዓመቱን ሙሉ በምሳ ሰዓቱ የሞተር ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ሁሉንም በስልኩ ቀድሞ እያየ ነው የሚያመጣልኝ። የታመመ ልጅ ያለበትን፣ ሐኪም ቤት ያለበትን፣ ትንሽ ሣጥን ያለበትን ክፍል እየለቀመ ያስቀረዋል። የባለ ሰይፉ ወንድምም በሳሉ ሞቷል። ቀዳዳው ሁሉ የባሌ ቀዳዳ ነው፤ ስንቱን ደራሲ በከንቱ ስረግም ከርሜያለሁ! ለምን አልኩት።

"መጀመሪያ እኔ ልውጣበት ብዬ ነው" አለኝ።

በጥጥ እንደተጠቀለለ እንቁላል ስጠበቅ መክረሜ፣ እሱም ይሄን ሁሉ ጊዜ አብሮኝ ተቀምጦ እንዳላየ ሰው ሲገረም መክረሙ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ፤ ቦርሳዬን ወለሉ ላይ ወረወርኩት።

"ልጃችንን አጥቤ የገነዝኳት እኔ ነኝ፣ በነዚህ እጆቼ። አሁን ሥዕል ትደብቅብኛለህ?"

ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ሳይወዛወዝበት የተቀመጠው የዚያን ቀን ብቻ ነው። ንዴቴ ገና አልበረደም፣ ግን ያንን ነገር በምሳ ሰዓት ብቻውን ሲያይ ታየኝና እሺ አንተስ እንዴት ቻልከው አልኩት።

"አልቻልኩትም" አለ። "ደጋግሜ ጀመርኩት። አንድም ቀን አልጨረስኩትም።"

ፍላሹን አምጣ አልኩት። ፋይሉ ምንም አልሆነም ነበር፣ አንዴ ሲነካ ተከፈተ። ሾርባውን እሳት ላይ ረስተን ተቀመጥን። ዝናብ ነው፣ ባቡር የለም፣ ሽማግሌው የታመመችውን ልጅ ታቅፎ በሐዲዱ ላይ ወደ ሐኪም ቤት ይሄዳል፣ ወንድሟ ፋኖስ ይዞ ከፊት ከፊት ይሮጣል። አልደረሱም። በማግስቱ ባቡሩ ሲያልፍ ልጁ የእህቱን ኩባያ ከፍ አድርጎ ሰላም አለ። ባሌ እዚህ ላይ ነበር ሁልጊዜ የሚዘጋው፤ አሁንም እጁ ወደ መዝጊያው ሄደ፣ ያዝኩት። እስከ መጨረሻው አየነው። ንፍጡን በቱታው እጅጌ ሲጠርግ ግራሶው ፊቱ ላይ ተለቀለቀ። ሌላ ቀን ቢሆን ከቤት አስወጣው ነበር። እኔ ግን መሐረብ ፍለጋ አልተነሳሁም፤ ያንኑ እጅጌ ጎትቼ ፊቴን ጠረግሁበት።

ሾርባው አርሮ ሸተተን። ባሌ ተነስቶ እሳቱን አጠፋና ጀርባውን እንደሰጠኝ፣ ታዲያ ይሄኛው አንደኛ ይሁን ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

"ድንቡሼ ብትኖር ድስቱን ነበር የምትመርጠው" አልኩት።

ስሟን ሲሰማ ትከሻው ደነገጠ። ወደ እኔ ዞረ።

"ክዳኑን ሲያንኳኳ" አለ፣ "በሳቅ ትፈርስ ነበር።"

ከዚያ እንዴት እንደምትስቅ ተከራከርን፤ እሱ በአፍንጫዋ ነው ይላል፣ እኔ በሆዷ ነው እላለሁ። ያረረውን ሾርባ እሱ ቀድሞ ሳይቀምሰው አብረን በላነው፣ አይበላም ነበር። እንግዲህ የዘንድሮው አንደኛ ድስቱ ነው። ከእሱ የባሰ አስቀያሚ አኒሜ አይቼ አላውቅም።