ከጆንያው ሥር ያለው ውጤት

ጅማ ከተፈተንኩት ማትሪክ ተመልሼ ሸቤ ቤታችን ከገባሁ ጀምሮ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር፤ «ስንት ትጠብቂያለሽ?» ከስድስት መቶ ሦስት መቶ ያላመጣ ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ አይገባም። እኔ ደግሞ ከአንደኞቹም ከመጨረሻዎቹም ጋር ስሜ ተጠርቶ የማያውቅ ተማሪ ነበርኩ። ስለዚህ መልሴን እንደ ጠያቂው አደርገው ነበር። ጉረኛ የማይወዱትን የሒሳብ አስተማሪዬን «ካለፍኩ ይገርመኛል» አልኳቸው። ለእናቴ «አልሐምዱሊላህ፣ ጥሩ ነው»፣ ለአባቴ ደግሞ አራት መቶ። ሁሉንም ማስደሰት ያደክማል፤ ለማን ምን እንዳልኩ ማስታወሱ ይብሳል።

አራት መቶውን ከባዶ አላመጣሁትም። ከጅማ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ በደብተር ወረቀት ላይ አስልቼው ነበር። እርግጠኛ የሆንኩበት ሁለት መቶ አሥር ነጥብ ያህል ነው። በግምት ካጠቆርኩት ከቀረው ደግሞ ግማሹን ትክክል ብዬ ደመርኩበት።

አባቴ ቡና መጋዘን ውስጥ ጆንያ ፈታሽ ነው። ጫፉ የሾለ የብረት ቱቦ ጆንያው ውስጥ ይሰካና ከላይ፣ ከመሃል፣ ከሥር ፍሬ እያወጣ መዳፉ ላይ ዘርግቶ ያያል። አንድ ቀን ምሳውን ሳደርስለት «ያ ያሰላሽበት ወረቀት የታለ?» አለኝ። ከቦርሳዬ አወጣሁ።

«ከሥር ጀምረሽ አንብቢልኝ።»

«ከሥር ያለው ግምቱ ነው፣ አባ።»

«እኮ። ጥሩውን ከላይ የሚያደርግ ነጋዴማ በየቀኑ ይመጣብኛል።»

«ለልጅቷም ደረጃ ሊያወጡላት ነው?» አለ አጠገባችን ጆንያ ያራገፈ ተሸካሚ። አባቴ አልሳቀም። ጥያቄው ስንት ምርጫ እንዳለው ጠየቀኝ፤ አራት አልኩት።

«ታዲያ ሳታውቂ ካጠቆርሽው ከአራት ስንቱ ይሳካል?»

«አንዱ።»

«አንቺ ግን ግማሹን ወስደሻል። ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ ሲያዩት የሞላ፣ ሲመዝኑት የሚጎድል ነው።»

እዚያው ጆንያ ላይ ተቀምጬ እንደገና ደመርኩ። ድምሩ ሦስት መቶ ደጃፍ ላይ ቆመ። ከፍ ሊልም ዝቅ ሊልም ይችላል።

«ከዚህ በላይ የለኝም» አልኩ።

አባቴ መዳፉ ላይ የቀረችውን ፍሬ በአውራ ጣቱ አሻሻት። «እኔ ኮ መስጊድ ላሉት ሁሉ አራት መቶ ብያለሁ» አለ። ምሳውን ሳይከፍት ወደሚቀጥለው ጆንያ ሄደ። እኔም ወደ ቤት ሄድኩና ለእናቴ እውነተኛውን ነገርኳት።

አርብ ከስግደት በኋላ አንድ ጎረቤታችን በራችን ላይ ቆሞ «ዶክተሯ እንዴት ናት?» ሲል ከውስጥ ሰማሁ።

«ሦስት መቶ ደጃፍ ላይ ናት» አለ አባቴ። «ልትገባም ላትገባም ትችላለች። ቀድሞ የነገርኩህ በደንብ ሳልፈትሽ ነው።»

አባቴ ሳልፈትሽ ተቀበልኩ ሲል ስለ ጆንያ እንኳ ሰምቼው አላውቅም። በእኔ ምክንያት እንዲህ ማለቱ ውጤቱን ከመጠበቅ ይልቅ አደከመኝ።

ውጤቱ ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንት ሆነ። እናቴ ትንሽ አለቀሰች፣ ጎረቤቶችን ግን አልደነቃቸውም። ላላለፉ የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት፣ ሪሚዲያል፣ ገባሁ፣ አለፍኩ፤ አሁን ጅማ ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ነኝ።

አባቴ ከየፈተናው በኋላ ይደውላል። ትናንትም ደወለ። ደክሞኝ ስለነበር «ጥሩ ነው» ብዬ ልገላገለው አስቤ ነበር። ነገር ግን አሥራ አንዱን በግምት እንደሠራሁ ነገርኩት።

«እሺ» አለ፣ «የቀረውስ?»