ለአባቴ ያልበቃ አፍ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሐያት፣ ሪቻርድሰን በሚገኘው አፓርትመንታችን ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተዘርግታ የትምህርት ቤት ፕሮጀክቷን ስትሠራ፣ የሙጫው ሽታ ቤቱን ሞልቶት ነበር። አስተማሪዋ ለየተማሪው አንዳንድ አገር በዕጣ አድላ ለእሷ ኡዝቤክስታን ደርሷታል፤ መልክዓ ምድሩን በቡናማ ቀለም፣ ኢኮኖሚውን ካርቶኑ ላይ በለጠፈችው ጥጥ ጨርሳ ሕዝቡ ጋ ደርሳለች። «ማሚ፣ ፒፕሉ እኮ እንደኛ ሙስሊም ናቸው፤ ሶ ራይት ላድርገው?» አለችኝ። ሳላስበው «ተይው፣ አትጻፊው» አልኳት። «ዋይ? ፋክት ነው እኮ» አለች ግራ ገብቷት። እውነቷን ነው። እኔ ግን አምሳ ዓመት የሞላኝ ሴትዮ መሆኔ ቀርቶ ደሴ፣ አምስተኛ ክፍል ገብቼ ነበር።

በደርግ ጊዜ ትምህርት ቤታችን ትላልቅ እንግዶች ሲመጡበት፣ እያንዳንዱ ክፍል ስለ አንዲት የሶቪየት ሪፐብሊክ በቃሉ ያቀርባል፤ ለእኛ ክፍል የደረሰችው ያቺው ኡዝቤክስታን ስትሆን፣ ድምፅሽ ይሰማል ተብዬ አቅራቢዋ እኔ ሆንኩ። «በመካከለኛው እስያ የምትገኝ፣ ሁለት ታላላቅ ወንዞች የሚያጠጧት፣ ዋና ከተማዋ ታሽከንት የሆነች፣ በጥጥ ምርቷ የታወቀች» እያልኩ ውሃ ስቀዳም ሰሃን ሳጥብም ስለፈልፍ፣ የሰፈር ልጆች ስሜን ትተው ታሽከንት ይሉኝ ጀመር።

አባባ ልብስ ሰፊ ነበር። ጥጥ የሚለውን ሲሰማ «ታዲያ ዘመዶቼ ናቸዋ» ብሎ ሳቀና፣ የመስፊያ መኪናውን በእጁ አቁሞ ስለ ከተሞቿ፣ ስለ ቡኻራና ስለ ሰመርቀንድ ይነግረኝ ገባ፤ ስለ ሰማያዊ መስጊዶቻቸው፣ ከዚያ ስለወጡ ሸሆች፣ እንደ ማር ስለሚጣፍጠው ሐብሐባቸው። እሱ ራሱ ከኮምቦልቻ አልፎ አያውቅም፤ ሁሉንም የሰማው በልጅነቱ ቁርኣን ሲቀራ ነው። ከትምህርት ቤት በተመለስኩ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይጨምርልኛል። ቀደም ሲል ለቀልድ ባወጣት አንዲት ቃል ቀበሌ ሁለት ሳምንት እንዳሰረው አውቃለሁ፤ አገር ማወቅ ያሳስራል ብዬ ግን አላሰብኩም።

በዕለቱ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ያጠናሁትን ጨርሼ መውረድ ሲገባኝ ጭብጨባው አሞቀኝና፣ «ሕዝቧም እስላም ነው፤ ሰማያዊ መስጊድ አላቸው፤ ትላልቅ ሸሆች ወጥተውባታል» ብዬ ጨመርኩ። ጭብጨባው ቀጥ አለ። ፊት ለፊት የተቀመጡት ካድሬ ፈገግ ብለው፣ በለሰለሰ ድምፅ «ይሄን እንኳ መጽሐፉ ላይ አላየነውም፤ ማን ነገረሽ የኔ ልጅ?» አሉኝ። አስተማሪዬ አንገቱን ደፋ። መዋሸት አላውቅበትም። «አባቴ» አልኩ። ስሙን ጠየቁኝ፤ ከነአያቱ ነገርኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዎች መጥተው ወሰዱት። እናቴ የተቆራረጠ ክር ከመሬት ስትለቅም ዋለች፤ እኔ መስፊያ መኪናው ሥር ተኮራምቼ፣ በሩ ኮሽ ባለ ቁጥር ሬሳውን ያመጡት እየመሰለኝ ሽንቴ ሊያመልጠኝ ይደርሳል። አስር ሰዓት ግድም መጣ፤ ጥፍሩን እንኳ አልነኩትም። ምን እንዳሉት አልተናገረም፤ እኔንም አልተቆጣኝም፤ የቀዘቀዘ ምሳውን በልቶ የጀመረውን ሱሪ ቀጠለ። ቀናት ቆይቼ፣ እንዲታረቀኝ ብዬ፣ ስለ ሰመርቀንድ ብጠይቀው «መጽሐፍሽ ላይ የለም እንዴ?» አለኝ። ስለ ሌላ አገር ስጠይቀውም መልሱ ያው ሆነ።

ደርግ ወድቆ፣ ዓመታት አልፈው፣ ዲቪ ደርሶኝ ሻንጣዬን ስሸክፍ፣ ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። «አባባ፣ እስቲ ያቺን ሰመርቀንድ ዛሬ ጨርስልኝ» አልኩት። መርፌውን እንደያዘ «ረሳሁት ልጄ» አለ። ከሦስት ዓመት በፊት የመጣ ደንበኛ የወገብ ልክ በቃሉ የሚይዝ ሰው ነበር። ካድሬዎቹ ከሄዱ ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል፤ እሱ ግን በገዛ ቤቱ አፉን ጠብቆ የኖረው ከእኔ ነው። አባቴ እኔን እንደፈራ ሞተ።