ከፒክአፑ ሥር የተጠራ ስም

ጎረቤቴ ዳዊት አሮጌ ፒክአፑን በክሪክ አንስቶ የፊት ጎማዎቹን ፈቷል። የፍሬን ዘይቱ ሽታ ደጄ ድረስ መጥቶ ያዘኝ።

አባቴም እንዲህ ያለች ፒክአፕ ነበረችው። ከካዚኖ ሺፍቱ ሲመለስ ከሥሯ አይወጣም ነበር። የፊት ሞላዎቿን ቀየረ፤ አሮጌውን ፍሬን ነቅሎ ዲስክ ገጠመላት። እናቴ «እዚህ ቅርብ ላለው ለቦልደር ሲቲ መንገድ ይኼ ሁሉ ምን ያደርጋል?» ስትለው ተመልሶ ከሥሯ ይገባል። ታላቅ ወንድሙ መስፍን አገር ቤት ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት መሞቱን እናውቃለን፤ ስሙ ግን ቤታችን አይነሳም።

በመጨረሻ ከፍሬኑ አየር ለማስወጣት እኔን መሪው ጋ አስቀምጦ ከሥር ገባ።

«ርገጪና ያዢ። ልቀቂ እስክልሽ እንዳትለቂ።»

ረገጥኩ። ዘይቱ ሲንጠባጠብ ይሰማኛል። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ።

«ያዘልህ መስፍኔ?»

ቀስ ብዬ «ይዟል» አልኩት።

ከሥር ወጣና እጁን እንኳን ሳይጠርግ፣ ሳያየኝ ወደ ቤት ገባ። «ልቀቂ» ስላላለኝ እግሬ እስኪደነዝዝ ረግጬ ቆየሁ።

«እህቴ፣ አንዴ ፍሬኑን ረግጠሽ ሆልድ አድርጊልኝ» አለኝ ዳዊት ከደጁ። ገብቼ ረገጥኩለት።

«በቃ፣ ልቀቂው» አለ ከሥር።

እግሬ አልነሳ አለኝ።