ጓድ ሊቀመንበሩ ሲጠጋ የጮኸው ሳጥን

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ባሕር ዳር፣ ሐይቁ አጠገብ ባለችው የኪራይ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቼ የሠራኋትን ሳጥን እሞክራለሁ... ባለቤቴ ዓለምነሽ ሕፃን ልጃችንን እንደታቀፈች በመስኮት ብቅ ብላ አየችና «ወይኔ ጉዴ! ሊቀመንበሩ ወደኛ እየመጣ ነው!» አለች።

ክው አልሁ። ዘመኑ ደርግ ነው። የሚመጣው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ደግሞ አንቴና የተተከለበት ሳጥን ነው! ከጥቂት ወራት በፊት ከሰፈራችን አንድ አስተማሪ «መገናኛ ሬዲዮ ተገኘበት» ተብሎ ተወስዶ፣ በወጣበት ቀርቷል።

የኔው እንኳ መገናኛ አልነበረም፤ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ያኔ ኮሌጅ ውስጥ የወርክሾፕ ቴክኒሻን ነበርሁ። አንድ ሩሲያዊ መምህር ትቶት በሄደው መጽሔት ላይ ሥዕሉን አየሁና ልክፍት ሆነብኝ። ከተበላሹ ሬዲዮኖች ትራንዚስተር እየነቀልሁ፣ ከመዳብ ዘንግ አንቴና አበጅቼ፣ ስምንት ወር ፈጀብኝ። ሳጥኑን ጀልባ የሚሠራው ጎረቤቴ ሰይድ ከዋንዛ ጠርቦ ሰጠኝ።

መሣሪያው በእጅ አይነካም። እጅህን ወደ ዘንጉ ስታስጠጋ ድምፁ ይቀጥናል፣ ስታርቅ ይወፍራል፣ ጭራሽ ዘወር ስትልለት ጭጭ ይላል። ከጨረስሁት ሁለት ሳምንቴ ነው፤ ሁልጊዜ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትዝታ እለማመድበታለሁ። በዚያ ሰዓት ሰፈሩ በሩን ዘግቶ ጸጥ ይላል፤ እራት ላይ ናቸው ብዬ ነው።

ግን እነዚያኑ ሁለት ሳምንታት ጎረቤቱ ሁሉ ሰላምታ ነሳኝ። ሰይድ እንኳ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል። ምን እንደበደልሁ አላውቅም።

ዓለምነሽ ተንደርድራ ሳጥኑ ላይ ጋቢ ጣለችበት። እኔ «ሶኬቱንም ነቅላዋለች» ብዬ ዘወር አልሁ። እሷ ደግሞ «እሱ ነቅሎታል» ብላ ዘወር አለች። ሁለታችንም ስንርቅለት ሳጥኑ ጭጭ አለ።

ሊቀመንበሩ ገባ። ሽጉጡ ወገቡ ላይ ነው። ብቻውን ነው፤ አንድም አብዮት ጠባቂ አላስከተለም... ይሄ ደግሞ ይበልጥ አስፈራኝ።

«ይቀመጡ ጓድ» አልሁት።

አልተቀመጠም። ዓይኑ ጋቢው ላይ ነው። «እዚያ ያለው ምንድን ነው?»

«ል... ልብስ ነው ጓድ።»

አንድ እርምጃ ተጠጋ። «ኡኡኡ...» አለ ጋቢው። በስመ አብ! ሰውየው ባለበት ቆመ። ደግሞ ተጠጋ። ድምፁ ቀጠነና «ኡዊዊዊ...» ብሎ ጮኸ። ወደ ኋላው ሸሸት ሲል ወፈረ፣ ከዚያ ዝም አለ። እጁ ወደ ሽጉጡ ሄደ። ዓለምነሽ ሕፃኑን ደረቷ ላይ አጥብቃ «እመብርሃን... እመብርሃን...» እያለች ግድግዳውን ተደገፈች።

«ይሄ ድምፅ!» አለ ሊቀመንበሩ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «ሁለት ሳምንት ሙሉ ያሳበደኝ ይሄ ድምፅ ነው! ከመንገድ ሰምቼው ነው የመጣሁት! ማነው የላከህ? እኔን ጠብቅ ተብለህ ነው?»

ግራ ገባኝ። እኔ ሊወስደኝ መጣ ብዬ ነፍሴ ልትወጣ ነው፣ እሱ ማን ላከህ ይለኛል!

«ኧረ ጓድ፣ ሙዚቃ ነው! ልጄን ይንሳኝ፣ ሙዚቃ ነው!»

«እስቲ ተጫወታ!»

ጋቢውን ገፈፍሁት። እጄ ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል። ትዝታን ጀመርሁ... በእጄ መንቀጥቀጥ ድምፁ እንደ ማሲንቆ ተርገበገበ። እውነቴን ነው፣ እንደዚያን ቀን አሳምሬ ተጫውቼ አላውቅም።

ሊቀመንበሩ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። በመሐረብ ላቡን እየጠረገ «ይሄ ነገር... ሬዲዮ ውስጥ ይገባል እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ምናልባት... ቅርብ ያለ ሬዲዮ ላይ ያፏጭ ይሆናል» አልሁት። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አስቤውም አላውቅ!

በረጅሙ ተነፈሰ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስማ፤ ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ተኩል እንዳትነካው» አለኝ።

አሥራ ሁለት ሰዓት... የአማፂዎቹ ሬዲዮ የሚናገርበት ሰዓት! ያን ጣቢያ ሲሰማ የተገኘ ሰው ምን እንደሚደረግ በየስብሰባው የሚያስጠነቅቀን ይኸው ሊቀመንበር ነው። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ጉዱን ማወቄን አወቀ። የምር የፈራሁት ያን ጊዜ ነው፤ ሽጉጡን ሲነካ እንኳ እንደዚያ አልፈራሁም።

«የሰማኸው ነገር አለ?» አለኝ።

«ምንም አልሰማሁም ጓድ!»

«እኔም አልሰማሁም» አለና ወጣ።

ከዚያ ወዲያ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ሶኬቱን እኔ እነቅላለሁ፣ ዓለምነሽ መነቀሉን ታረጋግጣለች። ውጭ መኪና በቆመ ቁጥር «አፌን ሊያዘጋኝ መጣ» እያልሁ እንቅልፍ አጣሁ። የቀበሌውን ሊቀመንበር ምስጢር ማወቅ መርዝ እንደመዋጥ ነው።

በአራተኛው ቀን ሰይድ ትኩስ አሳ ይዞ ደጃችን ላይ ቆመ። ከሁለት ሳምንት በላይ ያልጠየቀኝ ሰው!

«ያ ፉጨትህ ጠፋሳ?» አለኝ፣ ግራ ቀኙን እያየ።

«በዚያ ሰዓት ተውሁት።»

«አልሐምዱሊላህ!» ብሎ አሳውን እጄ ላይ አስቀምጦ ሄደ።

አሳዬን ታቅፌ እዚያው በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ለካ ሰፈሩ በር የሚዘጋው ለራት አልነበረም... ከሊቀመንበሩ እስከ ጀልባ ሠሪው፣ አንዱ ሌላውን እየፈራ ያንኑ አንድ ጣቢያ ያዳምጣል፤ ፉጨቴም ጣቢያውን ለማፈን የተላክሁ አስመስሎኛል።

ያን ሬዲዮ ሰምቶ የማያውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ፤ ሁሉም ሰላይ ነው ብሎ የፈራው ደግሞ እኔኑ!