በሩን ራሱ ይክፈተው

ባለቤቴ የግድያ ወንጀል መርማሪ ናት። መሥሪያ ቤቷ ውስጥ «ቆይ እስቲ» ይሏታል፤ ቃሉ ከአፏ አይጠፋም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የሰው ልብስ ሳሳምር ስውል እሷ ቁልፉ የተበጠሰ ጃኬት ለብሳ ትወጣለች። «አውልቂውና ቁልፉን ልትከልልሽ» ስላት «ቆይ እስቲ፣ ስመለስ» ትለኛለች። ስትመለስ እንደለበሰችው ሶፋው ላይ እንቅልፍ ይጥላታል።

የሥራዋን ወሬ ይዛ ቤት አትገባም። ይህን ጉድ ያጫወተኝ፣ ከፍርዱ በኋላ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣው የመሥሪያ ቤቷ ሾፌር ነው።

አንድ ወጣት ባለሱቅ ከሱቁ ጀርባ ባለው ቤቱ ተገድሎ ተገኘ። የሱቁ በር ከውስጥ ተቆልፎ ስለነበር ገዳዩ የገባው በጓሮ ነው። የሰፈሩ ዕቃ ተሸካሚ ተያዘ። መዝገቡ ባለቤቴ እጅ ሲደርስ ሰውየው አምኖ ነበር፤ የቀድሞዎቹ መርማሪዎች እንቅልፍ ነስተው አስፈርመውታል።

«አምኗል እኮ!» አላት አለቃዋ። «ከላይ በስልክ መውጫ መግቢያ አሳጡኝ። ለዐቃቤ ሕግ ላኪውና እንረፍ።»

«ቆይ እስቲ። ቦታው ድረስ መርቶ እንዴት እንደገባ ያሳየኝ።»

«ነገ ያሳይሽ። ከዚያ ካልላክሽው ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ።»

የሟች እናት ደግሞ በየጠዋቱ መሥሪያ ቤቷ በር ላይ ይጠብቋታል። «የልጄን ገዳይ ታባብይልኛለሽ! አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ አልወለድሽ!» ይሏታል። ሴትዮዋ አያውቁም እንጂ እኛ ልጅ አላገኘንም። እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ አልመለሰችላቸውም። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የምትል ሴት በስድብ አትቸኩልም።

በማግስቱ ሁሉም ጓሮው ውስጥ ተሰበሰቡ፤ እናትየውም ጥግ ላይ ቆመዋል። ባለቤቴ የሰውየውን ካቴና አስፈታች።

«ማንም አንዳች ነገር እንዳይጠቁመው። በሩን ራሱ ይክፈተው።»

ተሸካሚው በሩን ገፋ። እምቢ አለው። በትከሻው ገፋ። ኩንታል የሚያነሳ ትከሻ ነው፤ በሩ ግን ንቅንቅ አላለም።

«ደንግጦ ነው» አለ አለቃዋ።

«አይደለም» አሉ እናትየው ከጥግ። «ይሄ በር አይገፋም። እጀታውን ወደ ላይ አንስተው ካልሳቡት አይከፈትም። ይሄ ሰው በዚህ በር ገብቶ አያውቅም።»

ባለቤቴ አጠገባቸው ሄደች። «እማማ፣ ታዲያ አከፋፈቱን የሚያውቅ ማነው?»

«እኔ። ልጄ።» ፊታቸው አመድ መሰለ። «የእህቴ ልጅም… እዚሁ ነው ያደገው።» ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ። «ጻፊው፣ ልጄ። አክስቱ ናት የተናገረችው ብለሽ ጻፊው።»

ደም የነካው ሸሚዝ የእህታቸው ልጅ ቤት ተገኘ፤ ተፈረደበትም። ተሸካሚው አሁን በሱቄ በኩል ባለፈ ቁጥር ሸክሙን አውርዶ «የቆይ እስቲ ባል፣ እንደምን ዋልክ!» ይለኛል። የራሴ ስም ሊረሳ ነው፤ ይረሳ! ደረቴን ነፍቼ ነው አቤት የምለው።

ሾፌሩ ሲነግረኝ በሩ የተሞከረበት ዕለት ማታ ትዝ አለኝ። ያለወትሮዋ ጃኬቷን አውልቃ እጄ ላይ አኖረችው።

«ምን ተገኘ ዛሬ?» አልኳት።

«አንድ እናት ልጄ አሉኝ» አለችኝ፣ ያ ሁሉ ስድብ ያላስለቀሳት ሴት እንባዋ እየወረደ።