ከከንፈር የዘገየ ድምፅ

ይህ የሆነው ካርቱም በጦርነት ሳትታመስ ነው። ጉልበቴ ያኔም ያመኝ ነበር። እዚያው ካርቱም፣ ሪያድ በሚባለው ሰፈር አንድ ቤት አንድ ሐጅ እጠብቅ ነበር። መጠበቅ ስል እንደ ዘበኛ አይደለም። ምሳቸውን ማቅረብ፣ መድኃኒታቸውን ማስታወስ፣ ለሶላት የሚታጠቡበትን የውዱእ ውሃ ማዘጋጀት፣ ብቻቸውን እንዳይሆኑ አጠገባቸው መቀመጥ ነው። ያልታመመን ሰው መጠበቅ ከታመመው ይልቅ ያደክማል፤ የሚሻለው ቀን የለማ።

ሐጁ የሥራ ዕድሜያቸውን የጨረሱት አትባራ ከተማ የባቡር ጋራዥ ውስጥ፣ ብረት ሲቀጠቀጥ እየሰሙ ነው። ጆሯቸው እዚያው ቀርቷል። ከሰው ጋር ሲጫወቱ ግን አያስታውቅባቸውም፤ ግማሹን በጆሮ፣ ግማሹን በዓይን ነው የሚሰሙት። ከንፈር ያያሉ። አፍሽን ሸፍነሽ ካወራሽ ለእሳቸው ዝም እንዳልሽ ነው። ሻሼን ከአገጬ በታች ማሰር የለመድኩትም እዚያ ቤት ነው።

ወንድ ልጃቸው ለእረፍት ከዐረብ አገር ሲመጣ ግድግዳ የሚያክል ቴሌቪዥን፣ አንድ ጥቁር የድምፅ ማጉያና አምስት ድምፅ ማውጫ ሳጥን ይዞላቸው መጣ። «አቡይ ደህና አድርጎ ይስማ» ብሎ ነው፤ አባታቸውን እንዲህ ነው የሚጠሩት። ራሱ ገመዱን ሰካክቶ፣ ቤቱን አንቀጥቅጦ፣ በሳምንቱ ተመለሰ። አልወቅሰውም። ለአባቱ ብሎ ነው የደከመው።

ሐጁ እህል እምቢ ማለት የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው። ከዙህር ሶላት በኋላ ዜና ይከፍታሉ፤ አንገታቸውን ያሰግጋሉ፤ የተናጋሪውን ከንፈር ያያሉ፤ ከዚያ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አንድ ቀን «ሐቦባ» አሉኝ። አያትን እንዲያ ነው የሚሉት፤ ከእሳቸው በብዙ ባንስም ቤቱ ሁሉ የሚጠራኝ በዚሁ ነው።

«አቤት ያ ሐጅ» አልኩ፤ «ያ» በዐረብኛ መጥሪያ ነው።

«ሰውዬው መጀመሪያ አፉ ይናገራል። ቃሉ ኋላ ይደርሰኛል። ጭንቅላቴ ዘገየ።»

እኔ ምን አደረግሁ? ሴት ልጃቸው ከሥራ ገብታ «አቡይ ዛሬ እንዴት ዋለ?» ስትለኝ የሰማሁትን እንዳለ ነገርኳት። የዋሉትን መንገር ሥራዬ ነው። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ቆማ ቀረች። ከዚያ ስልክ ላይ ከወንድሟ ጋር ረጅም ወሬ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ነገሩ አለቀ፦ ሐጁ ካይሮ እህቷ ዘንድ ይወሰዳሉ፤ የጭንቅላት ሐኪም እዚያ ቅርብ ነው፤ ቤቱ ይዘጋል። ሐጁ ሚስታቸውን ከቀበሩበት ከተማ መውጣት የሚፈልግ ነፍስ እንደሌላቸው ሁላችንም እናውቃለን። ግን አልተከራከሩም። በገዛ ጭንቅላቱ ያልተማመነ ሰው እምቢ የሚልበትን አቅም ከየት ያመጣል? ያ ወሬ ከእኔ አፍ ነው የወጣው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፌም እንደ ጉልበቴ ሆነ።

መሄጃቸው ስድስት ቀን ሲቀረው ሳሎኑን እጠርጋለሁ። ሐጁ መኝታ ቤታቸው ገብተዋል፤ ቴሌቪዥኑ እንደተከፈተ ነው። እኔ ቴሌቪዥን ልብ ብዬ አይቼ አላውቅም፤ ከጓዳ ሆኜ እሰማዋለሁ እንጂ። ያን ቀን ወገቤን ላሳርፍ መጥረጊያውን ተደግፌ ቀና ብል፣ አንዲት ሴት ሽንኩርት ትከትፋለች። ቢላዋው መክተፊያው ላይ ያርፋል፤ ድምፅ የለም። ቢላዋው ሲነሳ፣ ጧ! እንደገና ያርፋል፤ ዝም። ሲነሳ፣ ጧ!

ደነገጥኩ። «እኔንም ጀመረኝ» አልኩ። ጓዳ ገብቼ አንድ ሽንኩርት አውጥቼ ከተፍኩ። ጧ፣ ጧ፤ ልክ በልኩ። ተመልሼ ሴትዮዋን አየሁ። ዘግይታለች። ይህን ያህል ዘመን ሽንኩርት የከተፍኩ ሴት ነኝ፤ ቢላዋ ሲነሳ አይጮህም። አልሐምዱሊላህ፣ የታመመው ዕቃው ነው አልኩ።

ግን ዕቃው ምን ሆነ? እኛ አገር፣ ወሎ፣ ከገደል ማዶ ሰው እንጨት ሲፈልጥ መጀመሪያ ምሳሩ ሲወርድ ታያለሽ፤ ድምፁ ኋላ ይመጣል። ርቀቱ ነው። እዚህም ሁለቱ ሳጥኖች ከኋላ ግድግዳ ሥር ቆመዋል። እንግዲህ ራቁ ማለት ነው ብዬ አንዱን አቅፌ፣ አንዱን እየጎተትኩ ቴሌቪዥኑ አፍ ላይ አደረስኳቸው። የአንዱ ገመድ ተመዝዞ ቀረ። ሴትዮዋ አሁንም ዘግይታ ትከትፋለች፣ ጭራሽ በግማሽ ድምፅ።

ልጃቸው የደረሰችው አንዱን ሳጥን እንደገና አቅፌ ሳለሁ ነው።

«ያ ሐቦባ! ምን እየሠራሽ ነው?»

«ድምፁን እያቀረብኩት ነው፣ ልጄ። ሐጅ እውነታቸውን ነው። ተቀመጪና እዪ፣ ቃሉ ይዘገያል።»

ተቀመጠች። ግን ዓይኗ ስልኳ ላይ ነው፤ ቀና ስትል ሴትዮዋ መክተፉን ትታ ታማስላለች።

«ምንም አላየሁም» አለችና አባቷን በምታይበት ዓይን አየችኝ። «አንቺም?»

ያ «አንቺም» ከሳጥኑ ይልቅ ከበደኝ።

በማግስቱ መሃል ከተማ ወዳለው ገበያ፣ ሱቅ ዐረቢ ወረድኩ። እዚያ ዲሽ የሚያስተካክል አንድ ያገራችን ሰው አውቃለሁ። አገር ቤት ሒሳብ አስተማሪ ነበር፤ ፖለቲካ አሰደደው፤ ጸጉሩ የሸበተው በሰው ጣሪያ ላይ ነው። ሱዳኖቹ ሙሃንዲስ ይሉታል፤ መሐንዲስ ማለታቸው ነው። ሥራውን ጥሎ በረክሻ፣ በእኛ ባጃጅ፣ አብሮኝ መጣ። ሳሎኑ ውስጥ ቆሞ ዙሪያውን ቃኘ።

«እማማ፣ እነዚህን ሳጥኖች እዚህ የከመረ ማነው?»

ስለ እንጨት ፈላጩ ነገርኩት። ሳቀ። እንባውን ጠርጎ ደግሞ ሳቀ።

«የተናገሩት እኮ ትክክል ነው! እርስዎ አስተማሪ ቢሆኑ ኖሮ ተማሪ አይጠፋብዎትም ነበር።»

«አንተ ተምረህ ገመድ ትፈታለህ፤ እኔ ሳልማር ሳጥን እጎትታለሁ። ይኸው እኩል ሆንን» አልኩት።

«እኩልስ አይደለንም፣ የእኔ ይቀላል» አለና ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ገባ። እዚያው ሆኖ ያስረዳኛል። «ርቀቱ አይደለም፣ እማማ፤ መንገዱ ነው። ከዲሹ የሚመጣው ምስልም ድምፅም በዚህ ሪሲቨር አልፎ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ይገባል። ምስሉ እዚያው ይታያል። ድምፁ ግን በዚህች ቀጭን ገመድ ወጥቶ ማጉያው ዘንድ ይሄዳል፤ ማጉያው ደግሞ ላሳምረው ብሎ ይዞት ይቆያል፤ ከዚያ ነው ለአምስት ሳጥን የሚያድለው።»

«ገባኝ» አልኩት። «ሁለት ሰው ከወንዙ ማዶ ኦምዱርማን ለመሄድ አብሮ ይነሳል። አንዱ በቀጥታ ድልድዩን ይሻገራል፤ ሌላው አውቶቡሱ እስኪሞላ ሱቅ ዐረቢ ይገተራል።»

ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አንገቱን ብቅ አድርጎ አየኝ። «ይህን ለሌላ ደንበኛ ብናገረው ይቅር ይሉኛል?»

ጠፍጣፋ ጫፍ ያላትን የሪሲቨሩን ገመድ ከቴሌቪዥኑ ነቀለና ማጉያው ላይ ሰካት። ከማጉያው ሌላ ገመድ አውጥቶ ወደ ቴሌቪዥኑ አገባ። ቀጭኗን ገመድ ጠቅልሎ ጣላት። ማሳመሩንም አጠፋው። ቴሌቪዥኑን ከፈተ። የከታፊዋ ሰዓት ስለነበር ያችው ሴት መጣች፤ ዛሬ ካሮት ይዛለች።

«አሁንስ?»

«አሁን ቀደመ። ቢላዋው ሳይደርስ ይጮሃል።»

«እኔ ልዩነቱ አይታየኝም» አለ ዓይኑን እያሸ። «ምስሉን ቴሌቪዥኑ ጥቂት ያቆየዋል። ማጉያው ላይ ድምፁን በቁጥር ማዘግየት ይቻላል። እኔ ቁጥሩን ልጨምር፤ እርስዎ ቢላዋውን ይዩልኝ።»

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፤ ጉልበቴ ተንቋቋ። እሱ ይጫናል፤ እኔ አያለሁ። «ገና ነው… ገና… አሁንም ይቀድማል… ያላ፣ በል ጨምር… አለፈ! አለፈ፣ መልሰው… አንድ ብቻ… ቁም!» ቢላዋውም ጧውም አንድ ላይ አረፉ። ከትከሻዬ አንድ ነገር ወረደ።

ሐጁን ከመኝታ ቤታቸው ደግፌ አመጣኋቸው። አልፈለጉም፤ «ተይኝ» ብለውኝ ነበር። ዜና አደረግንላቸው። አንገታቸውን አሰገጉ። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ አልጨፈኑም። ትንሽ ቆይተው ከተናጋሪው ሥር ሥር ቃሉን በሹክሹክታ ይደግሙ ጀመር፤ ቁርአን እንደሚቀራ ልጅ።

«ሙሃንዲስ» አሉት፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ። «እንደነበረ መልሰው።»

«ምን ሆነው ነው፣ ያ ሐጅ?»

«ልጄ ስትመጣ ትየው። መልሰው።»

መለሰው። ልጃቸው እስክትመጣ ሦስታችንም ተቀምጠን ጠበቅን። ስትገባ ሐጁ እጃቸውን ዘረጉ፤ ስልኳን ተቀበሏትና ቀሚሳቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። «ተቀመጪ። አፉን እዪ።»

አየች። ተናጋሪው አፉን ዘጋ፤ ቃሉ ገና ይመጣል። አፉን ከፈተ፤ ያለፈው ቃል ያልቃል። ሐጁ በጣታቸው አመለከቱ፤ ሙሃንዲሱ ገመዱን ነቅሎ ሰካ፤ አፉና ቃሉ ገጠሙ። ልጅቷ በሁለት እጇ አፏን ይዛ ከእጇ ውስጥ አንድ ነገር አለች። አጠገቧ ሆኜ ሰማኋት፦ «አቡይ፣ ይቅር በለኝ። ካይሮ ቀርቷል።»

«እጅሽን ከአፍሽ ላይ አንሺ» አሏት ሐጁ። «አልሰማሁሽም።»

እጇን አወረደች። ፊቷን ወደ እሳቸው አዞረች። አሁን ቃል በቃል፣ ቀስ ብላ ነገረቻቸው።

«እንደገና» አሏት።

ደገመችው። እጇን አውርዳ ያለችውን የፊተኛውንም ሰምተውት ነበር፤ ከንፈራቸው ከእሷ ጋር አብሮ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።