በሲሚንቶ ወረቀት የተሸፈነው መጽሐፍ

ባለፈው ሳምንት ቤቴል ሰፈር ከሚሠራ ሕንጻ በኩል የሚቃጠል የሲሚንቶ ከረጢት ሽታ መጥቶ አፍንጫዬን ሲነካኝ፣ እጄ ሳላዝዘው ሄዶ አፌን ሸፈነ።

ልጅ ሆነን ኮልፌ ስንኖር፣ መስከረም በጠባ ቁጥር እናቴ የሲሚንቶ ከረጢት አራግፋ የእኔንና የታላቅ ወንድሜን የግርማን መጻሕፍት በአንድ ዓይነት ወረቀት ትሸፍንልን ነበር። አጠና ሻጩ አባታችን ፊደል ስላልቆጠረ፣ አመሻሽ ላይ ከሥራ ሲመለስ ቀበቶውን ፈትቶ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጥና ትምህርታችንን ጮክ ብለን እንድናነብለት ያዝዘን ነበር፤ የተደናቀፈ ይገረፋል። ስድስተኛ ክፍል ስገባ፣ ዘፋኝ ለመሆን ስለምትታገል ወጣት የተጻፈ የልጆች ልብ ወለድ ከጓደኛዬ ተውሼ፣ እንደ ሌሎቹ ሸፍኜ፣ የትምህርት ነው እያልኩ አነብለት ጀመር። እኔም መዝፈን እፈልግ ነበር፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም።

በጋውን ሙሉ እኔ ላይ ቀበቶ አልተነሣም። ልጅቷ መድረክ ስትከለከል አባቴ ከንፈሩን እየመጠጠ፣ «እህስ፣ አዘፈኗት?» ይለኝ ነበር። ግርማ ግን በጂኦግራፊው እየተደናቀፈ ይገረፍ ነበር።

በልግ ሲገባ አንድ ቀን ግርማ፣ ከግርፋቱ ጀርባው ገና እየተቃጠለ መጽሐፉን ከእጄ ነጥቆ ሽፋኑን ቀደደው። ከሥሩ ባለው ሥዕል ላይ ልጅቷ ማይክ ይዛ ቆማለች።

«አባዬ፣ ሲሰሙ የከረሙት የአዝማሪ ታሪክ ነው። ተጫወተችብዎት» አለ።

አባቴ የመታኝ ስለዋሸሁ ብቻ አይመስለኝም፤ ታሪኩን ወዶት ስለነበር ነው። ቀበቶውን በዘለበቱ በኩል አዙሮ አፌን መታኝ፣ ስወድቅ ደገመኝ፣ እናቴ መሃል ስትገባ ከግድግዳ ጋር አጋጫት፤ የፊት ጥርሴ ከደም ጋር መዳፌ ላይ ወጣ። ግርማ መጽሐፉንና ሽፋኑን ከሰል ምድጃው ላይ ጣላቸው።

«በይ አሁን ዝፈኚ» አለኝ አባቴ።

ክረምት ሲገባ አፌ ዳነ፣ ሰው ፊት ግን ከዚያ ወዲህ አልዘፈንኩም። ዝናብ ሥራ ባስፈታው አንድ ቀን አባቴ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ፣ «ያቺ ልጅ መጨረሻዋ ምን ሆነ?» አለኝ። መጽሐፉን አስቀድሜ ለብቻዬ አንብቤ ጨርሼው ነበር። «ተቃጠለች» አልኩት። መጨረሻዋን ሳያውቅ ሞተ።

ዛሬ ግርማ አያት ሆኗል። እሁድ እሁድ ቤቱ ስሄድ የልጅ ልጁ ማይክ ይዛ ትዘፍናለች፣ እሱ በስልኩ እየቀረጸ ድምፅ የዘራችን ነው ይላል፣ እንዳጨበጭብም በክርኑ ይጎስመኛል። አጨበጭባለሁ፤ ልጅቷ ምን አደረገች? የመጽሐፉንም መጨረሻ ለእሷ ነግሬያታለሁ፤ ግርማ ወደ ክፍሉ ሲገባ ግን ወሬውን እቀይራለሁ።